የወርክሾፑ ቁልፍ

ይህን መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ነገሩ ስለ አንድ ቁልፍ ብቻ ነውና። ግን ዛሬ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ወደ ክፍል ስሄድ ከአንድ የእንጨት ሥራ ቤት የወጣ የሰጋቱራ ሽታ አስቆመኝ።

ያኔ ሉማሜ የእንጨት ሥራ ስሰለጥን ከገጠር ቀበሌያችን በእግሬ ስለምመጣ አረፍድ ነበር። ሦስት ጊዜ ያረፈደ ደግሞ ከስልጠናው ይሰረዛል። ለሦስተኛ ጊዜ አርፍጄ፣ ጫማዬ በጤዛ ርሶ ስገባ አንዱ ልጅ «ሙሽራው መጣ፣ እልል በሉ!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አስተማሪያችን ጋሽ ደምሴ ግን አልሳቁም፤ መዝገቡንም አልከፈቱም። ከኪሳቸው የወርክሾፑን ቁልፍ አውጥተው እጄ ላይ አኖሩ።

«ከነገ ጀምሮ በሩን የምትከፍተው አንተ ነህ።»

«ጋሼ፣ ባረፍድስ?»

«ሃያ ሰው ብርድ ላይ ይቆማል። እኔም አብሬ እቆማለሁ።»

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ እየሮጥኩ ደረስኩ። ጋሽ ደምሴ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቆመዋል።

«መቼ መጡ ጋሼ?»

«እሱን ተወውና ክፈት፤ በረደኝ።»

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላረፈድኩም፤ አንድም ቀን ግን አልቀደምኳቸውም። ሲራመዱ ኪሳቸው ውስጥ ቁልፎች ይንቃጨሉ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ የዚያው በር ይሆን? ይጠብቁኝ የነበረው ስላላመኑኝ ነው፣ ወይስ ብቻዬን እንዳልቆም? ዛሬም አላውቅም። ልጠይቃቸው እያሰብኩ ሳልጠይቅ፣ አመስግኛቸው ቁልፉን የመለስኩት ስልጠናው በተዘጋበት ዕለት፣ ሰኔ ሠላሳ ቀን ነው።