የበላሁት የቀሚስ ልክ

የደንበኛዬን የቀሚስ ልክ በላሁት... በጥርሴ አኝኬ! የምሬን ነው።

ጊዜው ደርግ ነው፣ ወሩ ጥቅምት። ቆቦ ገበያው ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ አንዲት የስፌት መኪና ይዤ ቀሚስና ሱሪ እሰፋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ጎረምሳ ለውትድርና ከየመንገዱ ይታፈሳል። እኔ የቀበሌ ሰዎችን ሱሪ በነጻ ስለምጠግን እስካሁን አልነኩኝም፣ የነገውን ግን ማን ያውቃል?

አንድ ቀን አያ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ ከዋጃ በእግራቸው መጡ። በእጃቸው ረጅም የማሽላ አገዳ ይዘዋል... ያ ጣፋጩ፣ ጥንቅሽ የምንለው።

«ለልጄ ቀሚስ ስፋልኝ። ልኳ ይኸውልህ» ብለው አገዳውን ሰጡኝ። ለካ በቢላ ምልክት አድርገውበታል። ይሄ ቁመቷ፣ ይሄ ትከሻዋ፣ ይሄ እጅጌዋ።

«ምነው እሷኑ ይዘዋት ቢመጡ?»

«ሙሽራ ናት ልጄ፣ ከቤት አትወጣም። ለዓርብ አድርስልኝ፣ አደራ!»

ከሱቄ ጨርቅ ስቆርጥ እለካበታለሁ ብዬ ጥግ አቆምኩት። ችግሩ... እዚያው ጥግ እናቴ ከሮቢት የላከችልኝ አንድ እቅፍ ጥንቅሽ አለ። የቆቦን የቀትር ሙቀት መቼም ታውቁታላችሁ። አንዱን መዘዝኩ፣ ሌላውን መዘዝኩ፣ እየላጥኩ ስመጥ ቆይቼ እጄ ላይ የቀረችውን ቁራጭ ሳያት የቢላ ምልክት አለባት። ክው አልኩ። ቁመቷን ጨርሼ ትከሻዋ ላይ ደርሻለሁ!

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አያ ሰይድ መጡ።

«አያ ሰይድ... ይቅር ይበሉኝ። ልኩን በላሁት።»

ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። አልተሳደቡም፣ ፊታቸው ግን አመድ መሰለ። «ያ አላህ! ነገ ጠዋት መሄድ አለባት እኮ!» አሉ። ከዚያ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«እስቲ ቁም። ዙር... በራስህ ልክ ቁረጠው።»

«በኔ? እኔ እኮ በር ጎንበስ ብዬ የምገባ ሰው ነኝ!»

«እሷም ጎንበስ ብላ ነው የምትገባ።»

ነገሩ ከነከነኝ። ምን ዓይነት ሙሽራ ናት? ግን ጥፋቱ የኔ ነው፣ ምን አፍ አለኝና እጠይቃለሁ? እሳቸው እየጠበቁኝ ቆርጬ ሰፋሁ። ሲያልቅ «ልበሰውና ልየው» አሉኝ። በሩን ዘግቼ ለበስኩ። ከጉያቸው ሻሽ አውጥተው ራሴ ላይ ጠመጠሙልኝ።

ደንበኛ የሚያየው ልብሱን ነው አይደል? እሳቸው ቀሚሱን ዞር ብለውም አላዩት። ዓይናቸው እግሬ ላይ ነው።

«እስቲ ሂድ... አይ፣ አይሆንም! እርምጃህን አሳጥር። እጅህን አታወናጭፍ። ወታደር ቢጠራህ እንዳትዞር።»

ወታደር? ያኔ ገባኝ። ሙሽራ የሚባል የለም፤ ልጃቸው እንደኔው ያለ ጎረምሳ ነው።

«ታላቁን ወስደውብኛል» አሉ። «የቀረኝ ይሄ አንድ ነው። ደሴ ዘመድ ጋ ላደርሰው ነው። ከከተማው መውጫ ኬላው ላይ ካወቁት አለቀልኝ፣ ወላሂ።»

እዚያችው ጠባብ ሱቅ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስል አመሸሁ። ለልጃቸው የሚነግሩትን ሁሉ በኔ ፈተሹት።

ቅዳሜ ጠዋት ኬላው አጠገብ ሄጄ ቆምኩ፤ ማን ያስችለኛል! አያ ሰይድ መጡ። ከኋላቸው አንዲት ረጅም «ሙሽራ»፣ እኔ የሰፋሁትን ቀሚስ ለብሳ። ጠባቂው ወጣት ወንዶቹን እየለየ ዳር ያቆማል።

«አንቺ!» ብሎ ጮኸ።

ልጁ አልዞረም። አጫጭር እርምጃውን እየረገጠ፣ አንገቱን ደፍቶ አባቱን ተከተለ። ጠባቂው አየውና በሳቅ ፈረሰ።

«አቤት ቁመት! ባልሽ መሰላል ይግዛ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አያ ሰይድና ልጃቸው የደሴው አውቶቡስ ላይ ወጡ።

አውቶቡሱ ወደ ጎብዬ ሲሄድ ቆሜ አየሁትና ወደ ሱቄ ተመለስኩ። በሩን ዘግቼ ከዚያው ጨርቅ፣ በዚያው በራሴ ልክ፣ ሌላ ቀሚስ ቆረጥኩ... ይሄኛውን ያዘዘኝ ደንበኛ የለም።