ጋቢውን ወደ ትከሻ

ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ሰው ፊት ቆሞ ማውራት ለእኔ አዲስ አይደለም። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት አስጎብኚ ነኝ፤ ስለ ነገሥታት ለእንግዳ ሳወራ ነው የኖርኩት። ዛሬ ግን የማወራው ስለ ራሴ ፊት ነው። ጌታ በዚህ ፊት ያደረገውን ልመሰክር ወጥቻለሁና ጥቂት ታገሡኝ። ክብር ለስሙ ይሁን!

እንግዳ የጠፋበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። መንገዱ ሲዘጋ እኛ አስጎብኚዎች ሥራ ፈታን። ያኔ ቁስቋም አካባቢ፣ አንድ ጓደኛችን ቤት እየተሰበሰብን ፖከር የሚባል የካርታ ጨዋታ መጫወት ጀመርን። ጨዋታውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ድሮ ስሜን ተራሮች ላይ ዝናብ ድንኳን ውስጥ ሲያግተን አንድ እንግዳ አስተምሮኝ ነበር። አስጎብኚ ደግሞ ታሪክ ሳያወራ አይሆንለትም፤ ካርታ ባደልኩ ቁጥር እተርክላቸዋለሁ። ፖከር የት እንደተወለደ በእርግጥ የሚያውቅ የለም፣ ከፋርስ ነው የሚሉ አሉ፣ ፈረንሳዮችም ጀርመኖችም የኛ ነው ይላሉ እላቸዋለሁ። አሜሪካ ከገባ በኋላ በትልቁ የሚሲሲፒ ወንዝ በእንፋሎት መርከብ ተሳፍሮ ከወደብ ወደብ ዞረ፣ ወታደሩም በየጦር ሰፈሩ ይዞት ሄደ፣ ሃያ የነበረው ካርታም ሃምሳ ሁለት ሆነ እያልኩ እቀጥላለሁ። ጓደኞቼ የፋሲልን ግንብ ታሪክ ከእኔ ሰምተው ሲያዛጉ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ይኼን ግን አፋቸውን ከፍተው ይሰሙ ነበር።

ለምን እንደወደድነው ልንገራችሁ። በሌላው የካርታ ጨዋታ ሸጋ ካርታ የደረሰው ያሸንፋል። በፖከር ግን እጅህ ላይ ምንም ሳይኖር ልታሸንፍ ትችላለህ፣ ፊትህ ካላሳበቀብህ ሌላው ፈርቶ ካርታውን ይጥልልሃል። እኛ ደግሞ ርቦን በልተናል፣ ከፍቶን ደህና ነን እያልን ያደግን ሰዎች ነን። የሆዳችንን በሆዳችን መያዝ ማን ያስተምረናል? ጨዋታው ለእኛ ተብሎ የተሠራ መሰለን።

ከሁሉም የበለጥኩት እኔ ነበርኩ። ፊቴ አይነበብም። "ግንቡ" የሚል ስም ወጣልኝ፤ ወድጄው ነበር፣ አልዋሻችሁም። አንድ ሕግም አወጣሁ። ከእኛ መሃል በዕድሜ የሚበልጡት አያ ሙሉ የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ሾፌር። የወገራን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ከዚያ በለመዱት ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ነው የሚጫወቱት። ዓይናቸው ብቻ ሲታይ ምን አነባለሁ? ስለዚህ ማንም ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ "ጋቢውን ወደ ትከሻ!" እላለሁ።

"ምነው ልጄ፣ ብርዱ እኮ ነው" ይሉኛል አያ ሙሉ።

እሺ አልልም። እየተንቀጠቀጡም ቢሆን ያወርዱታል።

ቅዱሳን፣ ቁማር ቤቴን አፈረሰው ብሎ የሚመሰክር ብዙ ነው። እኛ የምንጫወተው ለሻይ ነበር። የእኔ ችግር ሌላ ነው፤ የጠረጴዛውን ፊት ይዤው ቤቴ እገባ ነበር። ልጃችን ቤቴል ስትወለድ ነርሷ አምጥታ አሳቀፈችኝ። ልቤ ሊፈነዳ ደርሷል፣ ፊቴ ግን ምንም የለም። ነርሷ ወንድ ፈልጌ የቀረብኝ መስሏት አጽናናችኝ! ባለቤቴ ሰናይት ይኼን ከአልጋዋ ላይ ሆና ሰማች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ኋላ አንድ ቀን፣ "ሌላው ሰው ካንተ ጋር ቁማር ተጫውቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እኔ የት ልሂድ?" አለችኝ።

ከዚያ፣ ቤቴል አፍ በፈታችበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት አፌን ስጉመጠመጥ ውኃው በግራ በኩል ፈሰሰ። መስታወት ባይ የፊቴ ግማሽ ወርዷል፤ ግራ ዓይኔ አልከደን አለ። ጎረቤት ምች ነው ብሎ ዳማከሴ አሸልኝ። ሰናይት ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ዶክተሩ የፊት ነርቭ መታመሙን ነገረኝና "እስቲ ፈገግ በል" አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ፈገግ ለማለት ታግዬ አላውቅም። አልሆነም። መድኃኒት አዘዘልኝ፤ ሊመለስ ይችላል፣ ሙሉ በሙሉ ላይመለስም ይችላል አለ።

አሁን ተከናናቢው እኔ ሆንኩ። ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ስቤ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። አያ ሙሉ ምንም አልሰሙም ነበር፤ እየሳቁ፣ "ዛሬስ ተራዬ ነው! ጋቢውን ወደ ትከሻ!" አሉኝ። ሕጉ የራሴ ነውና አወረድኩት። አያ ሙሉ ትንሽ አዩኝና የራሳቸውን ጋቢ ቀስ ብለው ወደ ላይ ሳቡት፤ እንባቸውን እንዳላይ ነው። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ከልክያቸው ነበር።

ተነስቼ ወጣሁ። ማታውን ሰናይት ወደዚህ ወደ ጸሎት ስትመጣ ተከተልኳት። እዚያ በሩ ጋ፣ ተሸፍኜ ተቀመጥኩ። ጸሎት የሚፈልግ ይምጣ ሲባል እግሬ ይዞኝ መጣ። የሚጸልዩልኝ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱና፣ "ወንድሜ፣ ጋቢህን ዝቅ ታደርገዋለህ?" አሉኝ።

ሃሌሉያ! ማን ነገራቸው? ዝቅ አደረግኩት። በሁላችሁ ፊት፣ በተጣመመ አፌ፣ "ጌታ ሆይ፣ እጄ ላይ ምንም የለም" አልኩ። ጠረጴዛው ላይ ባዶ እጅ የሚያሸንፈው ሲደበቅ ነው፤ እዚህ ግን ገልጬ አሳየሁት፣ ተቀበለኝ! ያን ቀን ፊቴ አልተንቀሳቀሰም። እኔ ግን አለቀስኩ፣ ሰናይት አየችኝ። ቤት እስክንደርስ እጄን አልለቀቀችም።

መድኃኒቴን ዋጥኩ፣ ጸለይኩ፣ ጠበቅኩ። አንድ ጠዋት ቤቴል ጫማዋን አዟዙራ አድርጋ በኩራት ወደ እኔ መጣች። አይታኝ ቆመችና "እማ! አባ ሳቀ!" ብላ ጮኸች። ሰናይት እጇ በሳሙና እንደተነከረ ሮጣ መጣች፤ ፊቴን በዚያ በሳሙናው እጅ ይዛ አገላብጣ አየችኝ። ዶክተሩ ነርቩ ተመለሰ አለኝ። እኔም አመሰገንኩት፤ ነርቩን የሠራውን ደግሞ እስከ ዛሬ እያመሰገንኩ ነው። ይቺ የአፌ የግራ ጥግ አሁንም ትንሽ ትዘገያለች። ትዘግይ፤ ስትስቅ ግን ከልቧ ነው።

ካርታ ወረቀት ነው፣ እሱን ልወቅስ አልቆምኩም። ባዶ እጁን ደብቆ የተቀመጠ ካለ ግን እኔን እይ፤ ገልጠህ ብታሳየው ይህ ጌታ አያሳፍርህም።

ዛሬ አያ ሙሉ መጥተዋል፤ ይኸውና በሩ ጋ፣ እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው። አያ ሙሉ፣ እዚህ ቤት የእኔ ሕግ የለም። ብርዱ ነው፣ አይግለጡት። እኔ ግን ወደ ትከሻ አውርጄዋለሁ፤ ይዩኝ፣ እየሳቅኩ ነው።