እጅ የወጣበት ጀርም

በዚያን ጊዜ አሶሳ ውስጥ ራስ ምታት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሁሉም ታይፎይድ ነበር። ፀሐይ የመታው ታይፎይድ፣ ሲጠጣ ያመሸ ታይፎይድ፣ ሥራ መግባት ያስጠላው ታይፎይድ። ጤና ጣቢያ ሄዶ ታይፎይድ ሳይባል የተመለሰ ሰው የተናቀ ይመስለው ነበር። የእኔ ሙያ ደግሞ የአንጀት ጀርሞችን አንዱን ከሌላው መለየት ነውና፣ ገና ከወለጋ ሻንጣዬን ይዤ እንደመጣሁ ነገሩ አንገሸገሸኝ።

ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር። ታፔላ ያልሰቀለ ቆርቆሮ ቤት አልነበረም። ለእኛ ላቦራቶሪ አንድ ክፍል፣ አንድ ማይክሮስኮፕና ጄኔሬተር ሲነሳ ብቻ የሚሞቅ የጀርም ማሳደጊያ ሳጥን ተሰጠን። መብራት የሚመጣው ማታ ብቻ ነው፤ ቀን ቀን ጀርሞቼን የሚያሳድግልኝ የጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል፣ ስብሰባም አይጠራም።

ታዲያ አንድ ሰሞን ከየዞኑ የተጠሩ ተሰብሳቢዎች ከከተማው ወጣ ባለው ማሰልጠኛ ሲሰበሰቡ፣ ግማሾቹ ሆዳቸውን ይዘው ሽንት ቤት ለሽንት ቤት መሮጥ ጀመሩ። የምታበስልላቸው አንዲት የበርታ ሴት ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን በዚያ ወጥ ቤት ደሞዝ የምታሳድግ። ማሰልጠኛው ቧንቧ ስለሌለው ውሃ የሚመጣለት ከወንዝ በቦቴ ነው። ውሃውን መርምር ያለኝ ግን የለም፤ ቦቴው የእኛው የጤና ቢሮ ነዋ! የቢሯችን ኃላፊ ጠርቶኝ፣ «ሴትየዋን መርምር፤ ታይፎይድ ከተገኘባት ትባረራለች» አለኝ።

ሰገራዋን በዕቃ ይዛ መጣች። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ለእሷ ዶክተር ነው።

«ወላሂ ዶክተር፣ እኔ በሽታ የለም» አለችኝ።

«እናያለን፣ እናቴ» አልኳት።

የአንጀት ባክቴሪያ በመልክ አይለይም፤ ማይክሮስኮፕ ሥር ሁሉም ያው ጭረት ነው። የሚለየው በአመሉ ነው። በአንዱ የመስታወት ቲዩብ ስኳር፣ በሌላው ዩሪያ ታቀርብለታለህ፤ የበላውን ከቀለሙ ለውጥ ታውቃለህ። የእሷ የስኳር ቲዩብ ከታች ጠቁሮ አደረ። የታይፎይድ ወገን ያጠቁራል። በጤነኛ ሰው አንጀት ተመችቶት የሚኖር ፕሮቲየስ የሚባል ጀርምም እንዲሁ ያጠቁራል። ሁለቱን የሚለያቸው የዩሪያው ቲዩብ ነው፦ ፕሮቲየስ ከሆነ እንደ ከርከዴ ይቀላል፣ ታይፎይድ ከሆነ ቀለሙ ንቅንቅ አይልም። እሱን የዘራሁት በዚያው ጠዋት ስለሆነ መልሱ ለነገ ነበር።

ኃላፊያችን ግን ነገ የሚባል ነገር አይወድም። ላቦራቶሪ ሲገባ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የጠቆረውን ቲዩብ ሲያይ ፊቱ በራ። «ይኸው ጠቁሯል!» ብሎ በመሐረብ ጠቅልሎ ወደ ግምገማ ይዞት ሄደ። ያኔ በግምገማ የማይወሰን ነገር አልነበረም፤ ማን ሰነፍ እንደሆነ፣ የማን አመለካከት እንደተዛባ፣ የትኛው ጠረጴዛ የት እንደሚቀመጥ፣ ሁሉም እጅ እየወጣ። ጀርም እንኳ ከዚያ አያመልጥም።

«ቤቱ አስተያየት ይስጥበት» አለ ኃላፊው።

ቲዩቡ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሒሳብ ሹሙ በጥጥ ክዳኑ በኩል አሸተተው። ዘበኛው ወደ መስኮቱ ይዞት ሄዶ፣ «አዎ፣ ጥቁር ነው» ብሎ መሰከረ። ጉድ እኮ ነው!

ተነሥቼ፣ «ባክቴሪያ በድምፅ ብልጫ አይለይም። ይሄ የግማሽ መንገድ ውጤት ነው፤ ነገ ድረስ ጠብቁ» አልኩ።

«ሙያህን መደበቂያ አታድርገው» አለ ኃላፊው። «ይሄ ጠባብነት ነው።»

«ምኑ ነው የጠበበኝ? ጠብቁ ማለቴ?»

ኃላፊው ወደ ድምፅ መስጠቱ አለፈ። «ታይፎይድ ነው የምትሉ!» ሲባል የእጅ ደን በቀለ። «አይደለም የምትሉ!» ሲባል የእኔ እጅ ብቻዋን ወጣች። ድምፀ ተዓቅቦ ያደረገው የቦቴው ሾፌር ነበር። ለምን ብሎ የጠየቀውም የለም። ሴትየዋ ማታውኑ ሁለተኛ እንዳትመጣ ተነገራት፤ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሰፈሯ ደረሰ።

በማግስቱ የዩሪያው ቲዩብ ደማቅ ቀይ ሆኖ ጠበቀኝ። ፕሮቲየስ! እየሮጥኩ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት።

«ቤቱ የወሰነውን ቤቱ ነው የሚሽረው። ለሚቀጥለው ግምገማ አጀንዳ አስይዝ» አለኝ።

«ጀርሙ አጀንዳ አይጠብቅም እኮ!»

«አንተ ግን ትጠብቃለህ።»

ደሜ ፈላ። ቲዩቡን ይዤ በቀጥታ ሴትየዋ ቤት ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ታይፎይድ እንደሌለባት፣ ንጹሕ እንደሆነች ነገርኳት።

«ለኔ ነው የምትነግር?» አለችኝ። «እኔ መቼ ጠፋኝ?»

ቲዩቡን ወደ ፀሐይ አንሥቼ ላሳያት ስል፣ ትልቋ ልጇ ባዶ ጀሪካን እያንጠለጠለች መጣች። ቦኖ ላይ የተሰለፉት ሰዎች፣ «ቧንቧውን እንዳትነኪብን» ብለው አባረዋታል። እናትየው ልጅቷን አየች፣ ቲዩቡን አየች።

«ዶክተር፣ ይሄን ይዞ ቦኖ ሂድ። እዛ ንገር» አለችኝ።

ከልጅቷ ጋር ሄድኩ። ሰልፉ ፊት ቆሜ ቲዩቡን ወደ ላይ አነሣሁትና፣ «እዩት! ቀልቷል! ታይፎይድ ቢሆን ኖሮ አይቀላም ነበር!» ብዬ ጮኽኩ። የከተማው ሰው ታይፎይድን እንደኔ የሚያውቀው መስሎኝ እኮ ነው።

«ኧረ ደም ሆኗል!» አለች አንዷ። «ብሶባታል!»

ጀሪካናቸውን እየጎተቱ ተበተኑ። ቦኖው ጋ ሰው ሲጠፋ ልጅቷ ሄዳ ውሃዋን ቀዳች።