በቁጥር የተነበበው የፖላንድ ቃል

ለእንስሳት ሕክምና ትምህርት ፖላንድ እንድሄድ ጎንደር ላይ ሲመርጡኝ አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ክረምቱ ሲወጣ እዚያው በሚሠራ ፖላንዳዊ ሐኪም ፊት ቆሜ በቋንቋቸው ማንበብ። ሐኪሙ የሰጠኝን መማሪያ መጽሐፍ በቆዳ ጠቅልዬ ወረታ ወረድኩ፤ ከዚያም እስከ ጉልበቴ በውኃ እየሄድኩ ቁሐር ሚካኤል አባቴ ቤት ገባሁ። የእኛ የፎገራ ሜዳ በክረምት ባሕር ነው።

ፊደላቸውን ሐኪሙ አስቆጥሮኛል። ያቃጠሉኝ ቅጽሎቻቸው ናቸው። ሁለት ሦስት ቃል ይገጣጥሙና አንድ ያደርጉታል። አንዱ «ድቩጄስቶፒየንቾሌትኒ» ይላል፤ ሃያ አምስት ዓመት የሆነው ለማለት ነው። መገጣጠሚያውን ማግኘት አልቸገረኝም፤ ሃያው «ስቶ» ላይ ያልቃል፣ አምስቱ «ቾ» ላይ፣ የቀረው ዓመቱ ነው። ስናገረው ግን በየፊደሉ እሰበራለሁ። በእኛው ፊደል ጽፌ ስላጠናሁት «ድ» ብዬ አርፋለሁ፣ «ቩ» ብዬ አርፋለሁ። እነሱ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ነው የሚያወጧቸው።

ልማዱ የልጅነት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ የኔታ የቁጥር ንባብ ሲያስተምሩን እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው ያስጠሩን ነበር። ሄጄ ችግሬን ነገርኳቸው።

«በል አንብበው» አሉኝ።

አነበብኩ።

«ምኑ ነው የከፋው? አንድም ፊደል አልዋጥህም!»

«የኔታ፣ እነሱ እኮ ይውጣሉ።»

«ታዲያ ጥፋቱ የነሱ ነዋ!»

ተናድጄ ወጣሁ። ከብት ሳግድም፣ ጭቃ ስጠርግም ያንኑ ቃል ስደጋግም እናቴ ያመመኝ መስሏት ፈራች። «ወንዛዬ ፍል ውኃ ልውሰድህ፣ ልጄ» አለችኝ። እሷን ማስረዳቱ ደግሞ ሌላ ድካም ሆነብኝ።

መስከረም ላይ ሐኪሙ ፊት ቆምኩ። መጽሐፉን ገልጦ ያንኑ ቃል አሳየኝ። ዓይኔ እያየ አፌ ከዳኝ፤ «ድ... ቩ... ጄ... ስ...»

በእጁ አስቆመኝ። «መገጣጠሚያው የት ነው?» አለ በተሰባበረ አማርኛ።

ሁለቱንም አሳየሁት።

«ትክክል። እንዲህ ስታወራ ግን እኛ አገር ማንም አይሰማህም። ለመጪው ዓመት ና።»

«ገብቶኛል እኮ፣ ጌታዬ!»

«ገብቶሃል። አፍህ ይቀራል።»

ቤት ስደርስ አባቴ በረት እየጠገነ ነበር።

«እህ?» አለኝ።

«ወደቅኩ።»

«ቋንቋው ከበደህ?»

«አልከበደኝም!» ብዬ ጮህኩበት። አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። ቀና ብሎ አየኝና፣ «ግባ፣ ልብስህ ረጥቧል» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሐኪሙ ዓመቱ ሳይሞላ አገሩ ገባ፤ በእሱ ቦታ የመጣው ሰው ስለ እኔ የሰማው አልነበረም። ጎንደር እየተመላለስኩ ደጅ ብጠናም የሚያናግረኝ አጣሁ። በመጨረሻ ከብት የሚከትቡ ሰዎች ሲፈለጉ ወረታ ተቀጠርኩ። ሥራውን ወድጄዋለሁ። ያ «ለመጪው ዓመት ና» መባሌ ግን ለብዙ ዓመት ሲያንገበግበኝ ኖረ።