ላላ ሲል ፍርሃት፣ ጠበቅ ሲል አማች

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ጾም ገደፍኩ፣ ሰው አማሁ እያልኩ ትንንሹን ሳወጣ፣ ይኼኛውን ምላሴ ሥር ደብቄ ነው የኖርኩት። አሁን ጥርሴም አልቋል፣ ሚስቴም ሳታውቀው ሞታለች፣ ቤቴም ጭር ብሏል። የምታነበው ወንድሜ፣ አንተ ስማኝ።

ነገሩ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው። ናዝሬት ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሱቅ ነበረኝ። የሚስቴ አባት ኦቦ ሁሴን በሶደሬ በኩል ከብት ያረቡ ነበር። በሃይማኖት ብንለያይም፣ ዘመዶቻቸው እየተቆጡ ልጃቸውን ለእኔ ሰጡ። ገበያ ሲመጡ የሚያድሩት እኔ ዘንድ ነው። ከተማ ውስጥ ማን አለዎት ላላቸው ሁሉ፣ በኦሮምኛ፣ “ሶዳን ቀባ” ይሉ ነበር። አማች አለኝ ማለታቸው ነው፤ ሲሉትም ደስ እያላቸው ነው።

አንድ ሰሞን ሁለታችንንም የጥርስ ሕመም ያዘን። ቅርንፉድ ነከስን፣ በጨው ውሃ ተጉመጠመጥን፤ አልሆነም። እኔ ደግሞ የጉጠት ስም ሲነሣ ተነሥቼ እወጣለሁ። ልጅ ሳለሁ ጎረቤት ተረባርቦ አባቴን ይዞ ጥርሱን ሲያስነቅለው አይቻለሁና።

በባቡር የሚመላለስ አንድ የውጭ አገር ጥርስ ነቃይ ነበር። ጨርቅ ላይ ጠብ አድርጎ የሚያስሸትተው፣ ሰው የሚያስተኛ መድኃኒት ነበረው። ያን ቀን ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየና፣ “ለአንድ ሰው ብቻ ነው” አለኝ በሰባራ አማርኛው። “ሌላው አረቄ ይጠጣል፣ ወይ ይችለዋል። ሽማግሌውን ጠይቃቸው፤ ይፈራሉ?”

ኦሮምኛ አያውቅም። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ።

ጠየቅኳቸው። ኮርማ በቀንዱ ይዘው የሚጥሉት ሰው መሬት መሬቱን እያዩ፣ “ሶዳን ቀባ” አሉኝ። ሶዳ ጠበቅ ሲል አማች ነው፤ ላላ ሲል ፍርሃት። ላልቶ ነው የወጣው። እፈራለሁ ማለታቸው ነው፤ ያውም በልጃቸው ባል ፊት። ሰምቻለሁ። አጥርቼ ሰምቻለሁ።

“ምን አሉ?” አለ ሐኪሙ።

“አማች አለኝ፣ ለእሱ ስጠው አሉ።”

እኔ ነኝ ያልኩት። ቃሉ ያው ነው፣ አልዋሸሁም ብዬ ራሴን አታለልኩ። እኔ አረቄ እጠጣ የለም? እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ አይቀምሱትም። ታዲያ መድኃኒቱ ለማን ነበር የሚገባው? ፈርቼ ነው ልበል? እሳቸውስ አልፈሩም?

ጨርቁ አፍንጫዬ ላይ ሲያርፍ መጨረሻ ያየሁት ዓይናቸውን ነው። ገብቷቸዋል።

ስነቃ የእሳቸውም ተነቅሎ፣ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። የጣቢያው ጫኞች ጨብጠው ይዘዋቸው ኖሮ ክንዳቸው ቀልቷል። ጩኸታቸውን እንኳ አልሰማሁም። ተኝቼ ነበራ!

“አይዞዎት፣ አለፈ፤ ከእንግዲህ የሚያስፈራ የለም” አልኳቸው።

የደማውን ጨርቅ ከአፋቸው አወጡና፣ “ሶዳ ሂን ቀቡ” አሉ። የለኝም ማለት ነው። ምኑ ነው የሌላቸው? ፍርሃቱ ወይስ አማቹ? አፋቸው አብጦ ስለነበር መጥበቁን ከመላላቱ መለየት አቃተኝ።

የለየልኝ በሚቀጥለው ገበያ ነው። መጡ፣ ከብታቸውን ሸጡ፣ በሱቄ በር አልፈው ሌላ ሰው ዘንድ አደሩ። ከዚያ ወዲያ ደጄን አልረገጡም። ሚስቴ፣ “አባቴ ምን ሆኖብኝ ነው?” ስትለኝ፣ “እርጅና ነው” እላት ነበር። እሷ በር በሩን እያየች የምታመሸው በእኔ ምክንያት መሆኑን አውቅ ነበር።

ሲሞቱ ለቅሶ ሄድኩ። የማያውቁኝ ሽማግሌዎች ማን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። “ሶዳ” አልኳቸው። አማች ልል ነበር፤ ላላብኝ። እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዳቸውም አላረሙኝም።

ይቅር በለኝ አልልህም፣ ወንድሜ። የተኛሁት በእሳቸው እንቅልፍ እንጂ ባንተ አይደለም።