ዝም ያለው ስህተት

ቀናቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት በሚታከሙበት ክፍል መዝገብ ያዥዋን ሁሉም «እሜቴ ግራፍ» ይሏታል። የሕፃናቱን ክብደት በየቀኑ ኤክሴል ላይ የምትመዘግበው እሷ ናት፤ ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ገጽ፣ በየገጹም አንድ ግራፍ አለ። ሐሙስ ጠዋት ግራፎቹ ታትመው በየማሞቂያው ራስጌ ይለጠፋሉ። እናቶቹ መስመሩ ሽቅብ ሲወጣ ማየት ነፍሳቸው ነው።

የግራፎቹን ቀለምና ርእስ በእጇ ማስተካከል ግማሽ ቀን ቢፈጅባት፣ ከመጽሐፍ እያነበበች ማክሮ ጻፈች፤ አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ገጾቹን ተራ በተራ የሚያሳምር የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ሁለት ዓመት ያለ እንከን ሠራ። አንድ ሐሙስ ግን ሰባተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። «የተጠራው አልተገኘም» የሚል መልእክት ብቅ አለ።

ኮምፒውተር ጠጋኙ መጣና ሳይቀመጥ ማክሮው ላይ አንድ የትእዛዝ መስመር ጨመረበት።

«ስህተት ቢያጋጥምህ ዝም ብለህ እለፍ አልኩት። በቃ፣ እፎይ ይበሉ!»

እውነትም ማክሮው ሳያጉረመርም እስከ መጨረሻው ሮጠ። አትማ በየተራቸው ለጠፈች።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት እናት ከልጇ ማሞቂያ ራስጌ ያነሣችውን ወረቀት ይዛ በሩን አንኳኳች።

«እትዬ፣ የኔ ልጅ ስድስት ቁጥር አይደለች? እዚህ ሰባት ይላል። ወዴት ወሰዳችኋት?»

እሜቴ ግራፍ ብድግ አለች። «የትም አልሄደችም እህቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብላ እጇን ይዛ ወሰደቻትና ልጇን አሳየቻት። ከዚያ ወረቀቶቹን ሁሉ ለቅማ ተመለሰች።

መጀመሪያ የጠጋኙን መስመር አጠፋች። ቀጥላ ማክሮውን አንድ አንድ ትእዛዝ እያስኬደች ተከተለችው። ሰባተኛው ገጽ ላይም እንደ ሌሎቹ ገጾች «ግራፍ አንድ» ብሎ ይጣራል፤ እዚያ ያለው ግራፍ ግን ስሙ «ግራፍ ሁለት» ነው። ስህተቱን ዝም ብሎ ሲያልፍ የስድስተኛውን ገጽ ግራፍ እንደያዘ ቀርቶ፣ የሰባተኛውን ርእስ እሱ ላይ ጽፎበታል።

ዋና ነርሷን ጠራች። «ሲስተር፣ ሰባተኛውን ገጽ ማን ነካው?»

«ውይ፣ እኔ ነኝ! የግራፉ መስመር ቀጠነብኝና አጥፍቼ ሌላ ሠራሁ። ጉድ ሠራሁሽ እንዴ?»

«ግራፍሽማ ያምራል። በስም ብቻ እንዲጠራ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።»

ትእዛዙን ለወጠችው፦ ስሙ ምንም ይሁን ምን ገጹ ላይ ያለውን ግራፍ ያዝ፤ ከሌለ የገጹን ቁጥር ንገረኝና ቁም። ሲስተር የሠራችው ወፍራም መስመርም ደስ ስላላት ለሁሉም አደረገችው። ከምሳ በፊት ወረቀቶቹ በየቦታቸው ተለጠፉ፤ በየቁጥራቸው።

ማታ ባሏ፣ ጡረታ የወጣው ሾፌር፣ «ሥራ እንዴት ዋለ?» አላት።

«ማክሮ አስቸግራኝ ነበር፤ ታረቅን።»

«እሷ ደግሞ ማናት? አዲስ የመጣች ነርስ ናት?»

በሳቅ ፈነዳች።