ሽሮ ልጆቹን ሊያይ አሌክሳንድሪያ ሄደ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ንጋት

ቅዳሜ ነው፤ ጤነኛ ሰው የሚተኛበት ቀን። እኔ የእባብ ሣጥን ታቅፌ ደረጃ እየወረድኩ ነው። እባቡ ፓይተን የሚሉት የዘንዶ ዘር ነው፤ ስሙ ሽሮ፣ መልኩም እንደ ስሙ። ልጄ መክሊት "ትንሽ ነው፣ ዓይን አፋር ነው" ትላለች። እኔ እንደማየው ግን ሲንጠራራ ራሱ ሳሎን፣ ጅራቱ ጎረቤት ከተማ ሎረል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓይተን ነጭ የሚሆነው ነጭነቱን ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ነው። ካንዳቸው ብቻ ከወረሰ መልኩ ቡናማ ሆኖ ነጩን ውስጡ ደብቆ ይኖራል። ሽሮን የሸጠልን ሰውዬ "ምናልባት ደብቋል" ብሎናል። ምናልባቱን ለማጣራት ከወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ ከሚኖሩት ከጋሼ ተፈራ ነጭ ሴት ፓይተን ጋር ዳርነው። ከእንቁላሎቹ አንድ እንኳ ነጭ ከወጣ ሽሮ ቤታችን ይኖራል። ሁሉም ቡናማ ከሆኑ ይወጣል። ለባለቤቴ ለሰናይት ይህን ቃል የገባሁት እኔው ነኝ፤ እንዲያውም ደስ እያለኝ።

ትናንት ጋሼ ተፈራ ደወሉ። ተፈልፍለዋል። ምን ወጣ ብላቸው፣ "በጠዋት ኑ። በስልክ አይነገርም" አሉኝ። ሽሮንም ይዛችሁ ኑ ብለው ዘጉ።

ቤልትዌይ፣ የቀለበቱ አውራ ጎዳና

መክሊት ሙዚቃ ከፍታ ትወዛወዛለች። "ጋሼ ሰርፕራይዝ ሊያደርገን ነው" ትላለች። እዚህ አገር የተወለደች ልጅ ምን ታውቃለች። የምሥራች ቢሆን ኖሮ ሰውዬው በስልክ እልል ብለው ጆሮዬን ያደነቁሩት ነበር። "በጠዋት ኑ" የሚባልለት ነገር መርዶ ብቻ ነው።

ስለዚህ ነዳጅ ማደያ ቆሜ ዶናት ገዛሁላት። በባዶ ሆድ መርዶ አይሰማም። በአንድ ዶናት ዋጋ ድሮ በግ ይገዛ ነበር፤ እሱም መርዶ ነው።

የፖቶማክ ወንዝ ድልድይ ጉም ለብሷል። መክሊት ለሽሮ ሂተሩን ከፍ አደረገችለት፤ እኔ በላብ ተጠመቅሁ።

"ዳድ፣ ነጭ ባይኖር ማሚ ሪሊ ታስወጣዋለች?"

"ቃል ነው" አልኳት።

ሙዚቃውን ዘጋችና እጇን ሣጥኑ ላይ አሳረፈች። ይህ እባብ እንዲወጣልኝ ስንት ጊዜ የተሳልኩ ሰው፣ ድልድዩ መሃል ላይ ስለቴን ገለበጥኩ።

አሌክሳንድሪያ

ጋሼ ተፈራ ጥቁር ኮት ለብሰው በር ላይ ጠበቁን። የጡረታ ሰው ናቸው። ነጯን እባብ ልጃቸው ኮሌጅ ሲገባ "ትንሽ ጊዜ ጠብቅልኝ" ብሎ ጥሎባቸው ነው የሄደው። አሁን ልጁ ሲደውል መጀመሪያ የሚነግሩት የሷን ደኅንነት ነው።

አስቀመጡን፣ ፍርፍር አቀረቡ፣ በላን። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"መክሊትዬ፣ ስድስቱም ጤነኞች ናቸው። ብቻ... አባታቸውን ነው የሚመስሉት።"

የልጆቹ ሣጥን ክዳን ተከፈተ። ስድስት የተጠቀለለ ቋንጣ። ነጭ የሚባል የለም። ጋሼ ተፈራ ከልባቸው "እግዜር ያጥናሽ" አሏት፤ እኔም ሳቄ ጠፋ።

አንዷን አንስታ ብዙ ጊዜ አገላብጣ አየቻት።

"ዌይት" አለች። "እናትየው ነጭ ናት። ስለዚህ ሁሉም ውስጣቸው ነጭ አለ። ምናልባት የሚባል የለም።"

እውነቷን ነው። እናትየው ከነጭ ሌላ የምታወርሰው የላትም። ሲያድጉ ከመካከላቸው ሁለቱን ብናጋባ ነጭ ሊወጣ ይችላል ብላ ስታስረዳ፣ ጋሼ ተፈራ የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ።

"ወንድምና እህት? ሰባት ቤት ሳይቆጠር? በእኔ ጣሪያ ሥር አይደረግም፤ እባብም ቢሆን።"

"ጋሼ፣ እባብ ምን ቤት አለውና ይቆጠርለታል?" አልኳቸው።

"አንተ ደረጀ፣ ዝም በል።"

በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፦ አንዷ ሴት እኛ ጋ ታድጋለች፤ ስትደርስ ነጭ የባዳ ልጅ ይፈለግላታል። ሽሮን "የልጅ ልጆቼን አባት ጎዳና አልጥልም" ብለው እሳቸው ወሰዱት። መክሊት ሳመችው። እኔ በሩቁ እጅ ነሣሁ።

መልስ

ድልድዩ ላይ ሰናይት ደወለች። የመኪናው ስፒከር ላይ ናት።

"እሺ፣ ሽሮ ወጣ?"

"ወጥቷል" አልኳት። "ቃሌን ጠብቄያለሁ።"

"ነጭስ ተገኘ?"

መክሊት አየችኝ። ትንሿ ሣጥን ጭኗ ላይ ናት።

"ሰናይትዬ፣ ደርሰን እናወራለን" አልኳት። "በስልክ አይነገርም።"

ሰናይት እዚህ አገር አልተወለደችም።

"ደረጀ" አለች፣ "ስንት ይዛችሁ ነው የምትመጡት?"